ስንጥቁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ቡሬ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ቤይሩት ካለሽበት ይድረስሽ።

እታለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካው የሚያምሽ ወገብሽ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽ እሑድ እሑድ ማሳረፍ ጀመሩ ወይስ አሁንም እንደዚያው ነሽ? እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን በሕይወት አለን። ዘንድሮ ክረምቱ በርትቶብናል።

እምዬን ለማነጋገር ሦስት ጊዜ ቴሌ ስታስጠሪን፣ አንዴ ጠበል ሄዳለች፣ አንዴ ጉንፋን ይዟታል ያልሁሽ ውሸት ነው። ድምፄ እንዳያጋልጠኝ ፈርቼ ቶሎ ቶሎ ዘጋሁብሽ። በአፌ ያቃተኝን በጽሑፍ ልሞክረው።

ቤቱ ይታደስ ስትይ፣ ግንበኛ አወዳድር፣ መሐንዲስም ይየው ብለሽ ነበር። አወዳደርሁ። ንብረት የሚባል የቡሬ ግንበኛ ግቢውን አንዴ ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ሁለት ክፍል ጨምሬ፣ አሮጌውንም ለስኜ፣ ከነዕቃው በሃያ ስድስት ሺህ ብር አስረክባለሁ አለኝ። የጻፈልኝ አንድ መስመር ነው። የፍኖተ ሰላሙ ግንበኛ ደግሞ ቁፋሮውን፣ ድንጋዩን፣ ብረቱን፣ ሲሚንቶውን፣ የእጅ ዋጋውን ለያይቶ ሦስት ገጽ ሙሉ ሰጠኝ፤ ድምሩ ሠላሳ ስምንት ሺህ። እኔ የሒሳብ አስተማሪው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጬ ያየሁት ድምሩን ብቻ ነው። ንብረት ያልጻፈው ነገር ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

መሐንዲሷ እህተ ማርያም ትባላለች፤ የፈረስ ቤት ልጅ ናት፣ ፍኖተ ሰላም ትንሽ ቢሮ አላት። መጥታ አባታችን በድንጋይና በጭቃ ያቆመውን ግድግዳ በመዳፏ እየዳሰሰች ዞረችው። ከእምዬ አልጋ በላይ ካለው መስኮት ሥር ቀጭን ስንጥቅ አሳየችኝ። ከደብተሬ ወረቀት ቀድዳ በሊጥ ለጠፈችበት። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ ወረቀቱ እንዳለ ይቆያል፤ የተቀደደ ዕለት ግን አንድም ሰው እዚህ እንዳያድር አለችኝ። ለንድፍና ለክትትል ሁለት ሺህ ብር ጠየቀች። ክትትሉ ምንድን ነው ብላት፣ መሠረት ሲቆፈርና ብረት ሲታሰር እየመጣሁ አያለሁ፣ ልክ ካልሆነ አስቆማለሁ አለች። መጥቶ ለማየት ይህን ያህል ብር ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

አንቺ ሁለቱን ሺህ ለይተሽ ላክሽ። ከፈልኋት ብዬ ጻፍሁልሽ። አልከፈልኋትም፣ እታለም። ቆርቆሮ ገዛሁበት። አልበላሁትም፤ ግን ዋሽቼሻለሁ።

ንብረት ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሥራ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን፣ የመሠረቱ ቁፋሮና ድንጋይ በዋጋዬ ውስጥ የለም፣ ጨምርልኝ አለኝ። የለኝም አልሁት። እንግዲያው ካሮጌው ግድግዳ አስጠግቼ ልቆፍርና አዲሶቹን ክፍሎች እሱው ላይ ላስደግፋቸው፣ አንድ ግድግዳ ይተርፍልሃል አለ። እሺ አልሁ። ጉድጓዱ ካሮጌው መሠረት በታች ወረደ፤ ዝናቡም ሞላው።

እኔ ከፍኖተ ሰላም የምመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። መጀመሪያ ወረቀቱ ደህና ነበር። ቀጥሎ ስመጣ ተሸብሽቧል። ሰኔ 20፣ እሑድ ጧት፣ መሐል ለመሐል ተቀዶ አገኘሁት። ትንሿን ጣቴን ስንጥቁ ውስጥ ከተትኋት፤ ገባች። ንብረትን ጠርቼ ባሳየው፣ ሊጡ እየረጠበና እየደረቀ ነው የቀደደው፣ መምህር ሆነህ ወረቀት ትፈራለህ ወይ አለኝ። እምዬን አቻምየለሽ ቤት እንድታድር ለመንኋት፤ ጎረቤታችንን መቸም አትረሻትም። አባትህ ያቆመው ግድግዳ ነው፣ ሠላሳ ክረምት የቻለ ዘንድሮ በኔ ላይ ይጨክናል ወይ ብላ እንቢ አለች።

ከሰኞ ጀምሮ ተማሪዎቼን የማስፈትንበት ሳምንት ነበር። መናኸሪያ ደርሼ ተመለስሁ፤ ከግቢው በር ደርሼ እንደገና ወደ መናኸሪያ ሄድሁ። ማንኩሳ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ልውረድ ብዬ ተነሣሁ። ተቀመጥሁ።

የሰኞው ፈተና እንዳለቀ እህተ ማርያም ቢሮ ሄድሁ። ከበሯ ላይ ቆምሁ። ድምፅዋ ይሰማኛል፤ ከሰው ጋር ትነጋገራለች። ብሯን ያልከፈልኋትን ሴት ምን ብዬ ልጥራት? ነገ እመጣለሁ ብዬ ተመለስሁ። ማክሰኞ ከረፋዱ ላይ ከቡሬ ወደ ትምህርት ቤቱ ስልክ ተደወለ።

እንዴት ቡሬ እንደደረስሁ አላውቅም። ጣሪያው ተንጠልጥሏል፤ አልጋው የነበረበት ቦታ የድንጋይ ክምር ነው። አቻምየለሽ ግድግዳው ሲደረመስ ድምፁን ሰምታ ሮጣ ገብታ፣ ከቀን ሠራተኞቹ ጋር በእጇ ድንጋይ ስታነሣ ጥፍሮቿ ተልጠዋል። እምዬ በሕይወት ወጣች። እኔን ስታየኝ፣ ፈተናውን ጥለህ መጣህ ወይ አለችኝ። ባሕር ዳር ሆስፒታል አምስት ሳምንት ቆየን፤ ሐኪሞቹም የሚቻላቸውን አደረጉ። አሁን አቻምየለሽ ቤት ናት። ትበላለች፣ ትቆጣኛለች።

ንብረት ያን ዕለት እንደሄደ አልተመለሰም። እኔ ግን የምሄድበት የለኝምና እህተ ማርያም ዘንድ ገባሁ። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱ መቀደዱን አይተህ ነበር ወይ አለችኝ። አዎ አልኋት። እርሳሷን አንስታ አዲስ ወረቀት ዘረጋች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

አዲሱን ንድፍና የፍኖተ ሰላሙን ግንበኛ ዋጋ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እሷ እንዳስተማረችኝ፣ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ አንብቢ፤ "በዋጋው የማይካተቱ" የሚለውን። የእሷም ክፍያ ለብቻው ተጽፏል፤ ደረሰኙን ከእሷ እጅ ተቀብዬ ልልክልሽ ነው። ውሉ ላይ መፈረም ፈርቻለሁ። አንቺ አይተሽ ፈርም ካላልሽኝ አልፈርምም።

ንድፉ ላይ የተለወጡ ነገሮች አሉና እንዳትደነግጪ። የበረንዳው ደረጃ ቀርቶ ተዳፋት ሲሚንቶ ሆኗል። በሮቹ ሁሉ ሰፍተዋል። ሽንት ቤቱ ከመኝታዋ አጠገብ ውስጥ ገብቷል። የማድቤቱ መደብ ዝቅ ብሏል፤ ተቀምጣ እንድትሠራ። በተሽከርካሪ ወንበሯ በየት በየት እንደምትዞር ለመሐንዲሷ የነገረቻት እምዬ ራሷ ናት።

ለመስቀል እልክላታለሁ ያልሽውን ጫማ ተዪው። ነጠላ ላኪላት።

እምዬ፣ ከሰው አገር ክፉ ትጠብቅሽ እመ ብርሃን፣ ደጄን ረግጠሽ ለማየት ያብቃኝ ብላ መርቃሻለች። አሜን በይ።

ይቅርታሽን የሚጠብቅ
ታናሽ ወንድምሽ