ድንጋዬን የት አደረገችው?

ይድረስ ለምኮራብህ አባቴ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ ተሻለው? ወንድሜን በስልክ ብጠይቀው ይበላል፣ ይራመዳል፣ ይቆጣል አለኝ። ከተቆጣህማ ደህና ነህ ማለት ነው። እኔ ከጥፍሬ ሥር አልወጣ ካለው አረንጓዴ ቀለም በቀር አንዳች አልሆንኩም።

ሥዕሌ ያለበትን የቀን መቁጠሪያ አይተህ ያልከውንም ነግሮኛል፤ እሱ መቼም ምንም አያስቀር! ሜዳው የኛ ነው፣ ጅረቱም የኛ ነው፣ ድንጋዬን የት አደረገችው ብለሃል አሉ። ዕድሜ ልክህን ማረሻ የሰበረብህን፣ ስትረግመው የኖርከውን ድንጋይ እኮ ነው! እኔ ደግሞ ልገላግልህ ብዬ ነበር። በየሥዕሉ ሣር አልብሼው፣ አበባ ዘርቼበት፣ አባዬ ደስ ይለዋል እያልኩ ስኩራራ ኖርኩ። አንተ ግን ያንኑ ድንጋይ ስትፈልግ ዋልክ አለኝ።

በዚህ በሰው አገር ሥዕሌን ለምን እንደሚወዱት ታውቃለህ? በእኔ ሥዕል ውስጥ ላም አይከሳም፣ ዝናብ አይዘገይም፣ የማንም ወገብ አይጎብጥም። የጥርስ ሐኪም ቤት ሳይቀር ተሰቅሏል፤ ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣ ሰው ያንተን ሜዳ እያየ ነው የሚንቀጠቀጠው። አትሳቅ! ውሸት ነው የሚሉኝም አሉ። ይበሉ። ላሞቹን ያወፈርኳቸው እኔ ነኝ፣ ነገም አወፍራቸዋለሁ። የድንጋዩ ነገር ግን ከነከነኝ።

ለትልቁ ኤግዚቢሽን የሠራሁት ሸራ እኔን ያክላል፤ ከበሩ ፊት ለፊት እንዲሰቀል ቦታ ተመርጦለት ነበር። ካለቀ በኋላ የቀለም ቢላዬን አነሳሁና ያን የመሰለ ሣር ፍቄ፣ ድንጋዩን ከነግርማው መሃል ላይ ጎለትኩት። የአዳራሹ ባለቤት ሲያየው ክው አለ። ምን ነካሽ፣ ወይ ድንጋዩን አጥፊው ወይ ሥዕሉ ከፊት ለፊት ይነሳል አለኝ። እኔስ ያንተ ልጅ አይደለሁ? አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያልነቀለውን እኔ በብሩሽ አልነቅልም አልኩት።

አነሳው። ደረጃው ሥር፣ ኮት መስቀያው አጠገብ ወሽቆ ሰቀለው። ያን ቦታ ለማግኘት ስንት ዘመን እንደለፋሁ ታውቃለህ፤ አልዋሽህም፣ በጣም ከፋኝ። ግን አዲሱን ጫማዬን ተጫምቼ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ አጠገቡ ቆምኩ። ኮቱን ሊሰቅል የመጣውን ሁሉ፣ ይሄ የአባቴ ድንጋይ ነው እያልኩ ሳስተዋውቅ አመሸሁ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሰው ሲወጣ አንዲት አሮጊት ኮታቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ጎኑ እንዲህ ሻካራ ሆኖ አናቱ ብቻ ለምን ለሰለሰ ብለው ጠየቁኝ። እንደዚያ አድርጌ መሣሌን እኔም ልብ አላልኩም ነበር፤ እጄ ነው ያስታወሰው። እማዬ በሕይወት ሳለች በየቀኑ ምሳ ይዛልህ መጥታ፣ በልተህ እስክትጨርስ እዚያ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅህ እንደነበር አልነገርኳቸውም። የሚቀመጥበት ሰው አለ፣ ምሳ ልታመጣ ሄዳ ነው፣ አሁን ትደርሳለች ብቻ አልኳቸው።

ሥዕሉን ለማንም አልሰጥም፤ ወዳንተ ይመጣል። ወንድሜ ከአልጋህ ትይዩ ይስቀልልህ። ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ቁጣህንም ከቤታችን አያጥፋው። ጉልበትህን ስሜያለሁ።

ሣሩን የፋቀችልህ፣
ልጅህ