በልጄ ስም የተነገረ ቃል

ጥቅምት 28፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ዳይፐር ቀየርኩ። ከነጋ ሦስተኛው። ሚስቴ ሕይወት ተኝታለች። ልጃችን ብሩህ ዛሬ ሃያ አንድ ቀኑ። ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ጣሪያው ላይ ከእርጥበት እድፍ በቀር ምንም የለም። እሱ ግን ዓይኑን አይነቅልም።

ደብተሬ፣ ትላንት ታምሩ ያለኝ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ኦሎምፒያ፣ የተለመደው ካፌ። ከታምሩ ጋር እግዜርን አብረን ነው የተውነው፤ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛ ዓመት። ሕፃን ሁሉ ሲወለድ ኢ-አማኒ ነው አለኝ። ስለ አምላክ አያውቅም፤ የማያውቀውን አያምንም፤ አለቀ። "እንኳን ደስ አለህ፣ ቤት ውስጥ ሁለት ሆናችሁ።" ሳቅን።

ለሕይወት ደገምኩላት። አልሳቀችም። ልጁ እርቦታል፣ ሌላው የናንተ ወሬ ነው አለች።

ግን ተስማምተናል። ስድስተኛ ወሯ ላይ፣ እዚሁ ሶፋ ላይ። ክርስትና አናስነሳውም። ሲያድግ ራሱ ይምረጥ። ቃሏን ሰጥታኛለች።

"ኢ-አማኒ" ትንሽ ይጎረብጠኛል። የዳይፐሩ ባልዲም አያምንም። ባልዲው ኢ-አማኒ ነው?

ጥቅምት 30

የሕይወት እናት እትዬ አስካለ ከቡልጋሪያ ሰፈር መጡ። የገንፎ ዱቄት ይዘው። ልጁን ብሩክ ይሉታል። ብሩህ ነው ስላቸው፣ "እኔስ ምን አልኩ? ብሩኬ!"

ክርስትና መቼ ነው አሉ። ሕይወት ወደ ኩሽና ገባች። እኔ ተናገርኩ። ሕፃን ምኑን አውቆ ያምናል አልኩ።

"የምትኖርበት ሰፈር በማን ስም እንደተጠራ ታውቃለህ?"

"በቂርቆስ።"

"ስንት ዓመቱ ነበር? ሦስት! እሳቱ ፊት እናቱን አይዞሽ ያላት ሕፃን ነው።"

ሦስት ዓመትና ሦስት ሳምንት ይለያያል እትዬ፣ አልኳቸው።

"አንተ አርባ ሊሞላህ ነው። ምን ገባህ?"

ከኩሽና ሳቅ ሰማሁ። የሕይወት ሳቅ። ከማን ወገን ሆና ነው የሳቀችው?

ኅዳር 2፣ 10 ሰዓት

ብሩህ አሁን ደህና ነው። መጀመሪያ ይህን ልጻፍ፤ ደህና ነው።

ካፌ ነበርን። ለታምሩ ስለ ባልዲው እየነገርኩት። ስልኬ ድምፁ ጠፍቷል። ሕይወት ዘጠኝ ጊዜ ደውላለች። በመጨረሻ ታምሩ ጋ ደወለች። ልጁ በትኩሳት ነዷል። ሮጥን። ክሊኒክ ስንደርስ አቅፋው ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ወንበር እያለ።

እኔን አላየችኝም። ማለቴ አየችኝ፤ ግን እንደ ግድግዳ።

መድኃኒት ልገዛ ወረድኩ። ስመለስ ከታምሩ ጋር ኮሪደር ላይ ቆመው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ። ስደርስ ዝም አሉ። ስለ መድኃኒቱ ነው መሰለኝ።

ኅዳር 9

ትኩሳቱ ጠፍቷል። የፈረሰውን ካዛንቺስ ዞሬ መጣሁ። የማውቀው ሱቅ የለም፤ ሱቁ የነበረበት መንገድም የለም።

እትዬ አስካለ በስልክ ሲያወሩ "ከሃዲው" ሲሉ ሰማሁ። እኔ ነኝ። ልክ ናቸው። እኔ ነበረኝ፣ ተውኩት። ብሩህ ግን ምኑን ይክዳል? ለመካድ መጀመሪያ መቀበል አለ። ስለዚህ አማኝም አይደለም፣ ከሃዲም አይደለም፣ ኢ-አማኒም ላይሆን ነው። ይህን ለታምሩ ልነግረው ደወልኩ። አያነሳም። አራተኛ ቀኑ።

ኅዳር 17፣ 2 ሰዓት

ስነቃ አልጋው ባዶ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት፤ ለክትባት ወስጄዋለሁ፣ ሰልፍ እንዳይበዛ፣ እማዬ አብራኝ ናት። ካርዱን ረስታው ሄዳለች። ያለ ካርድ ይመልሷታል። ላደርስላት ነው።

ያው ቀን፣ 6 ሰዓት

ካርዱን ይዤ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። በነጠላ ጫማ። ነርሷ ካርዱን አየች። ክትባቱ በአርባ አምስት ቀኑ ነው፣ ዛሬ ገና አርባው ነው አለችኝ። ከዚያ እኔን አየችኝ። "ወንድ ነው አይደል? ታዲያ ዛሬ ክርስትናው አይደል እንዴ? እንኳን ደስ አላችሁ!"

አመሰግናለሁ አልኩ። አመሰግናለሁ።

ደረጃው ላይ ቴሌግራም ገባ። ከእትዬ አስካለ። ለእህታቸው ሊልኩ ለእኔ የላኩት ነው፤ ስልክ ሲነኩ የማይደርሰው የለም። ፎቶ። ብሩህ በነጭ፣ ራሱ እርጥብ፣ አፉን ከፍቶ እያለቀሰ። ያቀፈው ሰው ነጠላ አጣፍቷል። አጉልቼ አየሁ።

ታምሩ።

ኅዳር 17፣ 10 ሰዓት

መጡ። ልጁን ተቀበልኩ። ግንባሩ በሜሮን ያብረቀርቃል። ሌላ ቤት ይሸታል። አንገቱ ላይ ማተብ፤ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር ክር።

አልጮህኩም። ቃልሽስ? አልኩ። ፈራሁ አለች። ያን ቀን በእጄ ላይ ሲነድ፣ አንተ ስልክ አታነሳም፣ ማንን ልጥራ? ብትነግሪኝ ኖሮ ስላት፣ ብነግርህ ትከራከረኝ ነበር አለች።

ትክክል። እከራከር ነበር። አሸንፋት ነበር።

ኅዳር 18

ታምሩ ካፌው ውስጥ አገኘኝ። ቡናውን አልነካም። "በቃ ለመነችኝ። ማለቴ... ደግሞ ላንተ ውሃ ነው። ካላመንክበት ምንህ ተነካ?"

ምን አልክ አልኩት። ቄሱ ጠይቀውህ በልጄ ፋንታ ምን አልክ?

ሂሳብ ብሎ አስተናጋጇን ጠራ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ክርስትና አባት ሕፃኑን አቅፎ ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ በሕፃኑ አፍ "እክህደከ ሰይጣን" ይላል። እክድሃለሁ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አምናለሁ ይላል። ልጄ አፉን ሳይፈታ የተነገረለት የመጀመሪያ ቃል ክህደት ነው። ያውም በታምሩ ድምፅ።

"ታምነዋለህ?" አልኩት።

"እሱን አላውቅም። ስለው ግን ድምፄ ተንቀጠቀጠ። አትሳቅብኝ።"

ሳቅ አልመጣልኝም። ከሃያ ዓመት በኋላ ብቻዬን ትቶኝ ሄደ። ያውም ልጄን ይዞ። ጓደኛ ቢሆን እተወው ነበር። አሁን ግን አበልጄ ነው። ዕድሜ ልክ።

ኅዳር 19፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ሕይወት መቀሱን ከመሳቢያ አውጥታ አጠገቤ አስቀመጠች። ቁረጠው፣ አልከለክልህም፣ ከዚያ በኋላ ግን እኔና አንተ እንነጋገራለን አለች። ገላዋን ልትታጠብ ገባች።

መቀሱ። ማተቡ። ልጁ ተኝቷል። አንገቱ ቀጭን ነው፤ መቀሱ ትልቅ።

ቃል የማያከብር ሰው ማተብ የለሽ ይባላል። ቃል ያፈረሰችው እሷ፤ ማተብ የሚበጥሰው እኔ።

ወደ ኋላ ገልጬህ አነበብኩ፣ ደብተሬ። ጥቅምት 28። "ሁለት ሆናችሁ" ብሎኝ ሳቅሁ። በልጁ ስም መጀመሪያ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፤ በሃያ ቀኑ፣ እሱ በሌለበት፣ ካፌ ውስጥ። ታምሩ ቢያንስ ሲናገርለት አቅፎት ነበር።

ይህ ይቅርታ አይደለም። ሕይወትን ሳያት አሁንም ያ ወረቀት ነው የሚታየኝ። ታምሩ ሲመጣ በሩን የምከፍት አይመስለኝም።

መቀሱን ግን ወደ መሳቢያው መለስኩ። ማተቡ ይቆይ። ኢ-አማኒ የሚለውንም ከዛሬ ጀምሮ አልለውም። ሁለቱንም ራሱ ይፈልጋቸው።

አንድ ነገር ግን አለ። የክርስትና ስም ተሰጥቶታል። እትዬ አስካለ ያውቁታል። ታምሩ ያውቀዋል። እኔ አላውቀውም። የውሃው ድምፅ ቆመ። ስትወጣ እጠይቃታለሁ። ሳልከራከር። ስሙን ብቻ።

ወጣች። ጠየቅኋት። ፀጉሯ ላይ ያለውን ፎጣ ይዛ ቆማ አየችኝ፣ እንደዚያ ቀን እንደ ግድግዳ ሳይሆን፣ ከዚያ ልጁን እንዳትቀሰቅስ ዝቅ ብላ ስሙን ነገረችኝ።