«ደህና ነኝ» ማለት ይብቃሽ

ውድ እትዬ መነን፣

ስልኬን ስለማታነሺ ይህን አንቺ ወዳለሽበት ወደ ያዮ ለሚሄደው አውቶቡስ ሾፌር እሰጠዋለሁ። ተናድጃለሁ፤ ተቀምጬ መጻፍ እንኳ አቅቶኛል።

ሰኞ ዕለት ስንት ለምኜ መቱ ክሊኒክ ድረስ አመጣሁሽ። ብብትሽ ሥር ያለው እብጠት ሎሚ አክሏል። ነርሷ ጃለኔ ምን እንደሚያምሽ በኦሮምኛ ብትጠይቅሽ ነጠላሽን ሰብሰብ አደረግሽና፣ በዚያው በኦሮምኛ «ፈያዳ፣ ደህና ነኝ ልጄ። አንቺስ? እናትሽስ ደህና ናት?» አልሻት። ምርመራውን ሰላምታ አደረግሽው!

ጃለኔ ወደ እኔ ዞረች። «እንግዲያ ታማሚው እንደተለመደው ጋሼ ጌታሰው ናቸዋ! ካርድዎን ላውጣ?»

የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እኔ ከእሷ ጋር ስጨቃጨቅ አንቺ መናኸሪያ ደርሰሻል።

ትሳቅ፤ እውነቷን ነው። ልቤ ደለቅ ባለ ቁጥር ወደዚያ እሮጣለሁ። ራጅ እነሳለሁ፣ ደም አስመረምራለሁ፤ ምንም የለብህም ይሉኛል፤ አላምናቸውም። አንቺ ደግሞ ልጆችሽን ሁሉ እቤትሽ ወለድሽ፣ ጥርስሽን በክር ነቀልሽ። ሰው አንቺን ጠንካራ፣ እኔን ፈሪ ይላል። ሐሰት ነው። ሁለታችንም ከዚያ ድንኳን ደጃፍ አልተነቃነቅንም።

ታስታውሻለሽ፤ አናወራውም እንጂ። ከወሎ ለሰፈራ ስንመጣ መጠለያው ውስጥ የታመመ ልጅ ወደ ሕክምናው ድንኳን ይወሰድ ነበር። እማዬ «ማንም ቢጠይቃችሁ ደህና ነኝ በሉ» ብላ አስጠናችን። ትንሿ እህታችን ሰናይት ግን «ሆዴን ያመኛል» አለች። አቅፈው ወሰዷት። የድንኳኑ መጋረጃ ወረደ። እኔና አንቺ ውጭ ቆመን ጠበቅናት፤ አልተመለሰችም።

እትዬ፣ ሰናይትን የገደላት መናገሯ አይደለም። ተቅማጥ ነው፤ መድኃኒት ማጣት ነው። ይህን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተምሬዋለሁ፤ ልቤ ግን እስከ ዛሬ አልተማረም። ያንቺም እንደዚያው። በሌላ ቋንቋ እንኳ መዋሸት ለመድሽ!

ሐኪሙ «ሳላያቸው ምንም አልልም፤ ግን አይዘግዩ» ብሎኛል። ስለዚህ ሐሙስ በጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ። ቡናው ጫካ ውስጥ ብትደበቂም አወጣሻለሁ። ጃለኔ ስትጠይቅሽ የእናቷን ጤና ተዪና «ያመኛል» በያት፤ በፈለግሽው ቋንቋ ይሁን። ስትገቢ ፊቴን አዙሬ በሩን ይዤ እቆማለሁ። ቢቆጡኝም አልለቀውም፤ አይዘጋም።

ሁሌ የሚያመው ወንድምሽ፣
ጌታሰው
ከመቱ