ደወል ሲደወል ሰው የሚያስወርዱት ባምላኩ ክንፈሚካኤል

አቶ ባምላኩ ክንፈሚካኤል ከአባታቸው ከቄስ ክንፈሚካኤል ወልደ ሥላሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና ገነነ በወምበርማ ወረዳ፣ ከሽንዲ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር መንደር፣ ጥቅምት 12 ቀን 1959 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት በአባታቸው እግር ሥር ነው። አንደኛ ደረጃን በሽንዲ፣ ሁለተኛ ደረጃን በቡሬ ተምረው በ1978 ዓ.ም. አጠናቀቁ።

አባታቸው ለክህነት ቢያስቧቸውም የእሳቸው ልብ ግንብ ላይ ነበርና ፍኖተ ሰላም ገብተው ግንበኛ ሆኑ። ለብዙ ዓመታት ድንጋይ ጠርበዋል፣ ሲሚንቶ አቡክተዋል፤ በዚያ ዘመን አፍና አፍንጫን መሸፈን እንደ ቅምጥልነት ይቆጠር ነበር። በ1988 ዓ.ም. ወይዘሮ አቻምየለሽ ተስፋውን አግብተው ሠርክአዲስንና ዘሚካኤልን ወለዱ። በማታ ትምህርት ዲፕሎማቸውን ይዘው በ2003 ዓ.ም. በአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ዘንድ የሥራ ላይ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ሆኑ። ታናሽ ወንድማቸውን ላቀውን በዚያው ተቋራጭ ዘንድ በግንባታ ሥራ ያስገቡት ራሳቸው ነበሩ።

በ2007 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ ዛሬ ለቀብራቸው ከተሰበሰብንበት ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ሕንፃ ይሠራ ነበር። በጾሙ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚገባ ደወሉ የሚደወለው በሥራ ሰዓት ነው። ደወል በተሰማ ቁጥር ሠራተኛው መወጣጫው ላይ እንዳለ ሄልሜቱን አውልቆ ያማትብና ያጎነብስ ነበር፤ ራስን ሸፍኖ ለእግዚአብሔር መስገድ ነውር ነዋ! አቶ ባምላኩ ይህን በየቀኑ ያያሉ። የቄስ ልጅ ሆነው «ራሳችሁን ሸፍኑ» ለማለት አፋቸው አልታዘዝ አላቸው። መጋቢት 9 ቀን ላቀው ራሱን ገልጦ እንዳጎነበሰ ከላይ የወደቀ ብሎኬት መታው። በዚያው ዐረፈ።

ተቋራጩ ሪፖርቱ ላይ «የሟች ጥንቃቄ ጉድለት» እንዲባል ፈልጎ ነበር። አቶ ባምላኩ ግን የአደጋው መንስኤ በሚለው ቦታ ላይ «ተቆጣጣሪው እያየ ዝም ብሏል» ብለው ጽፈው ፈረሙ። እናቷን ቀድሞ ያጣችውን የላቀውን የስምንት ዓመት ልጅ አምለሰትን ወስደው እንደ አብራካቸው ክፋይ አሳደጓት። የጻፉትን ግን ለእሷ መንገር አቃታቸው።

ከአርባው በኋላ የደብሩን አለቃ አባ ሃይለ ሚካኤልን ሄደው አማከሩ። አባም «አንተ ባምላኩ፣ ወርደው ቢሰግዱ ማን ይቀየማቸዋል? እስቲወርዱ ድረስ ደወሉን አስረዝምላችኋለሁ» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ደወል ሲጀምር ሥራ ይቆማል፤ ሰው ሁሉ ወርዶ፣ ከሕንፃው ራቅ ብሎ ራሱን ይገልጣል። ተቋራጩ ሥራዬ ተጓተተ ብሎ ቢነጫነጭ አቶ ባምላኩ ወይ ፍንክች! ወጣቶቹ «አባ ውረዱ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ እየሳቁም ቢሆን ይወርዱ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ቡሬ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የደኅንነትና የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ ሆኑ። ገበሬው ከብት የሚያጠጣበት ወንዝ ውስጥ ፍሳሽ እንዳይገባ፣ ማጣሪያው እስኪጠገን ፋብሪካውን ሁለት ቀን አስቁመዋል።

የወጣትነታቸው አቧራ ግን ሳንባቸውን ሲበላው ኖሮ ባለፈው ጥር አልጋ ያዙ። በሚያዝያ አምለሰትን ብቻዋን አስጠርተው የሪፖርቱን ቅጂ ሰጧት። አንብባ ስትጨርስ ጉልበታቸውን ስማ «አባየ፣ እኔኮ በነጋ በጠባ ‹ውረዱ› ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁ። ይቅር ለእግዜር ብያለሁ» አለቻቸው። አሥር ዓመት ሙሉ የያዙትን እንባ ያን ቀን አለቀሱት።

ለቤተሰባቸው የተናዘዙት አንድ ነገር ነው፤ መቃብራቸውን የሚቆፍሩ ሰዎች አፈሩን ከጉድጓዱ አፍ አርቀው እንዲደፉ፣ ተደርምሶ ሰው እንዳይጎዳ። እንዳሉትም ተደርጓል። አቶ ባምላኩ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውንና ሦስት ልጆቻቸውን ትተው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ዛሬ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ባልደረቦቻቸው ሄልሜታቸውን በእጃቸው ይዘው በዚህ ቅጽር ራሳቸውን ገልጠው ቆመዋል። ሥራው ቆሟል፤ ሁሉም ወርደዋል፤ ላይ የቀረ ሰው የለም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከወንድማቸው ከላቀው ጋር በአንድ ማረፊያ ያገናኝልን። አሜን።