ራይት የመሰላቸው ምልክት

ሰኞ፣ የካቲት 5 ቀን 1999

እንደወትሮው የሳተላይት ትምህርት የሚመጣበትን ፕላዝማ ቴሌቪዥን ከፍቼ ጥግ ላይ ቆምኩ። አስተማሪዋ ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ ታወርደዋለች... x² + 5x + 6። ተባዝተው ስድስት፣ ተደምረው አምስት የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች። የኔ ዘጠነኛ ክፍሎች ቀና ሳይሉ ይገለብጣሉ። ሁለትና ሦስት ከየት እንደመጡ የገባው አለ? እኔስ መቼ ጠየቅኳቸው?

ስወጣ የዲፓርትመንት ኃላፊያችን አቶ ረጋሳ በር ላይ ያዙኝ። "የሺ፣ ሐሙስ ክፍልሽ እገባለሁ። የሙከራ ጊዜሽ እያለቀ ነው አይደል? ከፕላዝማው ፕሮግራም እንዳትወጪ፣ በቃ።"

ቋሚ ካላደረጉኝስ? ተመልሼ ሥራ ፍለጋ?

ረቡዕ፣ የካቲት 7

ከትምህርት ቤት እስከ ካዛንቺስ ቤቴ በእግሬ። ታክሲ መያዝም አልታወሰኝ። ነገ...

ሐሙስ፣ የካቲት 8



አቶ ረጋሳ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የዛሬው ስኩዌር ሩት ማቃለል ነበር። አስተማሪዋ √72 ብላ ጻፈች... መብራት ድርግም! ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። ምን አማራጭ አለኝ? ጠመኔ አንስቼ √72ን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

"ማን ያቃልለዋል?"

 ዳባ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ራይት ከተደረገ አለቀ አይደል? ማለቴ... ምኑን ነው የምናቃልለው?"

"የምን ራይት?"

"ይሄ ነዋ!" በጣቱ ምልክቱን አሳየኝ። ለካ የፕላዝማዋ ሴትዮ √ ባደረገች ቁጥር እያረመች መስሎታል!

ሳቅ ጠበቅኩ። አንድም የሳቀ የለም። "እንደ ዳባ የመሰላችሁ?" ስል ክፍሉ በእጅ ተሞላ። አፈርኩ። ከልቤ አፈርኩ።

"ራይት አይደለም፤ ጥያቄ ነው" አልኳቸው። "ማን በራሱ ቢባዛ ሰባ ሁለት ይሆናል ነው የሚለው።" ከሀ ጀመርን። 72ን 36 ሲባዛ 2 ብለን እንደከፈልነው መብራት መጣ። ሴትዮዋ ሌላ ጥያቄ ላይ ደርሳለች። አቶ ረጋሳ በአገጫቸው ወደ ፕላዝማው ጠቆሙኝ። ልጆቹ ግን እኔን ያያሉ።

አጠፋሁት። እሳቸው እያዩኝ! ምን ነክቶኝ ነው?

36 ስድስት ሆኖ ወጣ፣ ሁለቱ ውስጥ ቀረ። 6√2። ዳባ ራሱ ጻፈው። አቶ ረጋሳ ተነስተው ወጡ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 13

ቢሮ ተጠራሁ። ቋሚ አልሆንኩም፤ ሙከራው ተራዘመ። "ሁለተኛ እንዳታጠፊው" አሉኝ አቶ ረጋሳ።  ተናድጃለሁ።

እንደተናደድኩ ክፍል ገባሁ። ፕላዝማው ገና መናገር ከመጀመሩ ፋኢዛ ብድግ አለች። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም።

"ቲቸር፣ አልገባኝም።"

ከመስከረም ጀምሮ አልገባኝም ያለኝ ሰው አልነበረም። ከኋላዋ ሌላ እጅ... ከዛ ሌላ። በደስታ እንባ እንባ አለኝ።