ከአጥሩ ሥር ያለው ጉድጓድህ

የጀማል አባት፣ ሰይዴ፣

አሏህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አልፎ ዐረፋም አለፈ። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር አንተ ውሸት አትወድም፤ ደክሞኛል። የናፍቆት ድካም ብቻ ቢሆን ወግ ነበር። እኔን ያደከመኝ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ሌላዋ ሴት ለሟች ባሏ የሆዷን ትጽፋለች፣ እኔ ስለ ፍሳሽ ልጽፍልህ ነው። ምን ላድርግ፣ ይህን ግቢ ከሥሩ የምታውቀው አንተ ነህ።

ያንን ከታችኛው አጥር ሥር ያለውን የሽንት ቤት ታንክ ስትሠራ ታስታውሳለህ? እኛም እንደ ከተሜ እንሁን ብለህ ድንጋዩን ራስህ ደርድረህ፣ ሲሚንቶውን ራስህ ለስነህ ጨረስከው። ውሃ አመላላሽ እኔ ነበርኩ። አንድ ነገር ላይ ግን ግትር ነበርክ፤ የውዱእ ውሃ ወደ ታንኩ አይገባም አልክ። ከጣራው ክፈፍ ሥር የድንጋይ መቀመጫ አበጅተህ ውሃውን በትንሽ ቦይ ወደ ሙዙ መራኸው። እኔ ሙዙ ካንተ በላይ ሰጋጅ ሆነ እያልኩ ስቀልድብህ፣ አሏህ ፊት የሚያቆመኝን ውሃ ከሽንት ቤት ነጃሳ ጋር አላወርደውም ትለኝ ነበር። ታንኩም ለብዙ ዓመት አላስቸገረንም። የሚገባበት ውሃ ጥቂት ስለነበረ መሆኑን ያኔ ልብ ያለው የለም።

የእትዬ ጥሩነሽን የውሃ ጉድጓድ የቆፈርክላትም በዚያው ሰሞን ነው። ጎረቤታችን ባሏ ሞቶባት ከቦኖ ጀሪካን ተሸክማ ስትመለስ አይተህ፣ አካፋህን ይዘህ ከታችኛው አጥር ማዶ ገባህ። ሰደቃ ጃሪያ ይሁነኝ፣ ሰው እስከጠጣበት ድረስ ከሞትኩም በኋላ ምንዳው ይደርሰኛል አልክ። እሷም ውሃ በቀዳች ቁጥር ዕድሜ ይስጠው ትልህ ነበር። ከሞትክ ወዲህ ደግሞ ነፍስ ይማር ማለት ጀመረች። እኔ ከማድ ቤት ሆኜ መጀመሪያ የባልዲዋን ድምፅ፣ ከዚያ ድምፅዋን እሰማና አሚን እላለሁ። የጠዋት ሰላምታችን ይኸው ሆኖ ነበር።

አንተን የቀበርን ሰሞን ጀማል ከሳዑዲ መጣ። እኔ ዒዳ ላይ፣ የባል ሐዘኔ ላይ ስለነበርኩ ከቤት አልወጣሁም፤ ወንዶቹ ውጭ የሚሠሩትን በመዶሻው ድምፅ ብቻ ነበር የማውቀው። ለካ ልጅህ ሊያከብርህ ብሎ ግቢውን ሲሚንቶ አስለስኖ፣ የድንጋይ መቀመጫህን አስነስቶ፣ ለሐዘንተኛው ብዙ ቧንቧ ያለው የውዱእ ቤት በነጭ ሴራሚክ አሠርቷል። ወደ መስጊድ የሚያልፍ ሁሉ ገብቶ ይታጠብ፣ ለአባቴ ዱዓ ያድርግ ብሎ በሩንም ክፍት ተወው። ግንበኛው ውሃውን ቅርብ ወዳገኘው ታንክ ቀጠለው። መሬቱ ተሸፍኗል፣ ማን ያያል? ጀማል ወደ ሥራው ተመለሰ፣ ሰዉም እየታጠበ መረቀህ።

ክረምቱ ሲገባ ታንኩ ሞላ። መጣጭ መኪና ከደሴ አስመጥቼ አስመጠጥኩ። መኪናው ሄዶ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ሞላ፣ ደግሞ አስመጠጥኩ። ሽታውን ማጠብ፣ እንግዳ በሩ ላይ መመለስ፣ ሹፌር መለመን፤ ክረምቱ በዚህ አለቀ። አንድ ቀን ታችኛው አጥር ሥር ያለው መሬት ረጥቦ አየሁ። ከዚያ የባልዲው ድምፅ ጠፋ።

እትዬ ጥሩነሽ ምንም አላለችኝም። በዚያ ዕድሜዋ እንደ ድሮው ቢጫ ጀሪካን ይዛ በደጄ ስታልፍ ግን አየኋት። ስጠይቃት ገመዱ ተበጥሶ ነው አለችኝ። ገመዱን ሄጄ አየሁት፣ ደህና ነው። ውሃውን አሸተትኩት፤ የእኛን ታንክ ይሸታል። እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አንተን ስቀብር እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። ለእሷ ብቻ አልነበረም። ሰው ካልጠጣበት አንተ መቃብርህ ውስጥ ምን ይደርስሃል?

መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «አብሽሪ እህቴ። ሰይድ በቆፈረው ጉድጓድ እኔ አልቀየምሽም» አለችኝ።

በማግስቱ የቅሬውን፣ የቀብር ዕድራችንን ሰብሳቢ አስጠራሁ። አዲስ ታንክ ከላይ በኩል፣ ከውሃው ጉድጓድ ርቆ፣ ሙዙ ካለበት መቆፈር ነበረበት። አንተ የሌለህበት ቤት ያን ያህል ቆፋሪ ከየት ያመጣል? ሰብሳቢው የቅሬው አካፋ የሚወጣው ለቀብር ነው ብሎ አንገራገረ። ይህም የሰይድ ነው፣ ገና አልጨረሳችሁለትም አልኩት። ወጥቶ ሰው ሰበሰበ። እትዬ ጥሩነሽ ለግሸን ማርያም ሄዳ በነበረችበት ሰሞን፣ መቃብርህን የቆፈሩት ሰዎች በዚያው አካፋ የሽንት ቤት ጉድጓድ ቆፈሩልህ። ብታይ ትስቅ ነበር፤ እነሱም እየሳቁ ነው የቆፈሩት። አሮጌውን ታንክ አስመጥጠን፣ ኖራ በትነን፣ በድንጋይና በአፈር ደፈንነው። ሙዙን ነቅለን በደፈንነው ታንክ ላይ ተከልነው፤ የውዱእ ቤቱ ውሃም ዛሬ ወደ እሱ ነው የሚሄደው። የድንጋይ መቀመጫህን ከአጥሩ ሥር አግኝቼ ወደ ቦታው አስመለስኩት። የእትዬ ጥሩነሽ ጉድጓድም ውሃው ተቀድቶ ወጣ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ክሎሪን ጨመረችበት፤ እስክፈቅድ እንዳትጠጡ ብላ ሄደች።

ጀማል ሲደውል ታንኩ አርጅቶ ነው አልኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በሱ መድረሱን አልነገርኩትም። ልጁ አባቱን ማክበሩ ነበር፣ በሰው አገር ሆኖ በዚህ አይቃጠል። አንተም ዝም በል።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እትዬ ጥሩነሽ ከግሸን ተመልሳም ጀሪካኗን ይዛ ታልፋለች፣ እኔም ከማድ ቤት ሆኜ ጆሮዬን እጥላለሁ። የቤቱ ሥራ ሁሉ ከበደኝ። እንጀራዬ እንኳ ዓይን አላወጣ አለ።

ትናንት ጠዋት የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ ውሃውን ፈቀደች። እኔ ወገቤን ደግፌ የድንጋይ መቀመጫህ ላይ ተቀምጬ ነበር። ባልዲው ግድግዳውን እየመታ ሲወርድ ሰማሁት። ሲወጣም ሰማሁት። ከዚያ ብዙ ዝም አለ፤ ስትጠጣ ነበር።

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፣ መሐላ ቀላል ነው። ታንኩን በጊዜው አስመጥጣለሁ፣ ቦዩን እጠርጋለሁ፣ በየጠዋቱም ከዚህ መቀመጫ ላይ እጠብቃለሁ። ትናንት ከአጥሩ ማዶ ነፍስ ይማር ስትል፣ ድምፄ እንዲደርሳት ጮክ ብዬ አሚን አልኩ።

የጀማል እናት