እንዳይሞላ የተቆፈረ ኩሬ

ሀፍሳ፣ እንዴት ነሽልኝ? ካርዷ ጠባብ ናት፣ አንዱን ብቻ ልንገርሽ።

ከነጌሌ ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የተፈጥሮ ጋዝ ቀዝቅዞ በፈሳሽነቱ የሚቀመጥበትን አዲስ ታንከር ደህንነት እየፈተሽኩ ነው። ፈሳሹ ካመለጠ እንዲያቁረው ዙሪያውን ሰፊ ጉድጓድ ተቆፍሯል። እዚህ ቆላ ግን መሬት የሚቆፈረው ለውሃ ነው። ከብት አርቢው ኦቦ ጃተኒ በየቀኑ እየመጡ፣ «ናጋ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይሉኝና፣ «ልጄ፣ መቼ ነው የሚሞላው?» ይሉኛል። «እንዳይሞላ ነው የምጸልየው፣ አባ» ስላቸው ያዝኑብኛል።

ዛሬ በቀትር ታንከሩን ለሙከራ በፈሳሽ ናይትሮጅን ስናቀዘቅዝ አንድ ቱቦ ለቀቀ። ነጭ ጉም ጉድጓዱን እስከ አፉ ሞላው፤ ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው፣ የሚተነፈስ አየር የለው። የኦቦ ጃተኒ ጥጃ ልትጠጣ ገባች፤ አልጮኸችም፣ አልወጣችም። ሊከተሏት ሲሉ ክንዳቸውን ጨምድጄ ያዝኩ። «ሞላ እኮ፣ ልጄ» አሉኝ። ጉሙ ሲገፈፍ ጥጃዋ እንደተኛች ነበረች፤ በዚያ ሐሩር ሽፋሽፍቷ ላይ አመዳይ።

የኛ የክብረ መንግሥት ጉም ዝናብ ነው የሚያመጣው። እናትሽንና እትዬ ብዙወርቅን ሰላም በይልኝ። ነገ ጠዋት ደጃችሁ ላይ ጉም ከወረደ፣ ወጣ በይና በረጅሙ አየር ሳቢልኝ።

ዮርዲ